ከመደርደሪያው አልወርድም ያለው ቅባት

«ተረት ተረት» ስላችሁ «የላም በረት» ለማለት አትቸኩሉ። የዛሬዋ ተረት ላምም በረትም የላትም። አንዲት አራስ፣ አንዲት ሕፃንና አንድ የተዘጋ በር አሏት። እናንተ እየተቀበላችሁኝ አብራችሁኝ በሉ፤ እየረዘመ ሲሄድ እንዳይጠፋኝ።

ሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ዝናሽ የምትባል ወጣት ሴት ልጅ ወለደች። የመጀመሪያዋ ናት። ልጅቷ ክርስትና ስላልተነሣች ገና ስም የላትም፤ ቤተሰቡ ሚጡ ይላታል። ሚጡ ብዙ ነገር አትፈልግም። ወርቅ አትፈልግም፤ ጥልፍ ቀሚስ አትፈልግም፤ ጠያቂ መጥቶ «እናቷን ትመስላለች»፣ «የለም፣ ቁርጥ አባቷን ናት» እያለ ሲከራከርባትም ግድ የላትም። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጡት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሚጡ ራባት። ዝናሽ ጡቷን አወጣች። ጡት ግን «አልሰጥም» አለ።

«ምነው ጡቴ?» አለች ዝናሽ በልቧ። «ወተት ሞልቶህ ደረቴን አክብደኸው የለም እንዴ?»

«ወተትስ ሞልቶኛል» አለ ጡት። «ጫፌ ነው የተሰነጠቀው። ልጅቷ ስትይዘኝ ነጠላሽን የምትነክሺው ለምን ሆነና? በዚያ ላይ ባጠባሽ ቁጥር በሳሙና ትፈትጊኛለሽ። ቅባት ካልመጣልኝ አልሰጥም።»

እውነቱን ነው። ዝናሽ ንጽሕና ቁስል የሚያድን መስሏት በሳሙና ታጥብ ነበር፤ ሳሙናው ደግሞ የቆዳዋን ወዝ እየወሰደ ስንጥቁን ያሰፋዋል። ይህን ሁሉ ለማንም አልተናገረችም። «እንዴት ሰነበትሽ?» ሲሏት «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ሌሎች ሴቶች ሁሉ እያጠቡ ይስቃሉ፤ እሷ ብቻ የምታለቅስ ይመስላታል።

ከመጋረጃው ወዲያ አማቷ እማማ ፈለቀች የሕፃኗን ለቅሶ ሰምተው ተናገሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህች ሕፃን እስከ ማታ ካልጠገበች እኔ ጡጦ አስይዛታለሁ። ልጅ በባዶ ሆዱ አያድርም!»

ክፋት የላቸውም። ልጅ ሲራብ ማየት አይችሉም፤ ያ ብቻ ነው። ዝናሽ ግን ሚጡን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት። ያልተጠባ ጡት እንደሚደርቅ ሰምታለች። ሚጡ ጡጦ ለምዳ ፊቷን ከእሷ ስታዞር ታያት። ማታ ደግሞ ሩቅ አይደለም።

ጡት ወተት አልሰጥም አለ፤ ሚጡም ራባት።

ቅባቱስ የት ነው? ቅባቱ ያለው ገበያው ዳር ካለው መድኃኒት ቤት ነው። ዝናሽ ነፍሰ ጡር ሳለች፣ ጤና ጣቢያ ተራ ስትጠብቅ፣ አንዲት እናት ስለ እሱ ስታወራ ሰምታለች። በትንሽ ቲዩብ የተቀመጠ፣ ወፈር ያለ፣ ገርጣ ያለ ቢጫ ቅባት ነው አሉ። እሱም ከመስታወቱ ኋላ ተጋድሞ እንዲህ አለ፤

«እኔ ሚጡን መቼ ጠላኋት? ግን እዚህ መደርደሪያ ላይ ብቻዬን አይደለሁም። የፊት ቅባት አለ፣ የእጅ ቅባት አለ፣ የፀጉር ቅባት አለ። ሁላችንም ቅባት እንባላለን። በስሜ የሚጠራኝ ሰው ካልመጣ አልወርድም።»

ቅባቱ ከመደርደሪያ አልወርድም አለ፤ ጡት ወተት አልሰጥም አለ፤ ሚጡም ራባት።

ዝናሽ ባሏን አስናቀን አስጠራችው። አስናቀ አናጢ ነው፤ ግቢው ውስጥ ሣንቃ ይልጋል። የእንጨት ብናኙን ከቅንድቡ እያራገፈ ገባ።

«አቤት ዝኑ፣ ምን ላምጣልሽ?»

ዝናሽ ዓይኗን ከብርድ ልብሱ ጥለት ላይ ሳታነሣ «ለተሰነጠቀ ቆዳ የሚሆን ቅባት» አለችው። የየትኛው ቆዳ እንደሆነ በጆሮው ነገረችው፤ ከዚያ በላይ አልተናገረችም። እሱም ጆሮው ቀላ፤ ሮጦ ሄደ።

መድኃኒት ቤቱ ሰው በሰው ሆኗል። ባለሙያዋ ድምፀ ጎላ ናት። «የምን ቆዳ ነው የተሰነጠቀው?» ብላ ጠየቀችው። አስናቀ ዞር ሲል ማን ቆሟል? የንስሐ አባቱ! መስቀላቸውን ይዘው የሳል መድኃኒት ይጠብቃሉ።

«ተረከዝ» አለ አስናቀ።

የተረከዝ ቅባት ተሰጠው። ናና ናና፣ ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚል ቅባት። ይዞ መጥቶ «ይኸው» አላት፤ ስለ ተረከዙ ትንፍሽ አላለም። ዝናሽ በላዩ ያለውን የባዕድ ጽሕፈት ማንበብ አልቻለችም። አምናው ቀባችው። እንደ በርበሬ አቃጠላት። ቤቱ በሙሉ ሸተተ። ሚጡ አፏን ከፍታ ቀረበች፤ አሸተተች፤ አስነጠሳት፤ ፊቷን አዞረች። ሕፃን እናቱን የሚያውቀው በዓይኑ አይደለም፤ በጠረን ነው። ሚጡም እናቷን አጣቻትና ከበፊቱ ይልቅ ጮኸች። ዝናሽ ቅባቱን በሳሙና አጥባ አስለቀቀችው፤ ስንጥቁም ይብሱን ተከፈተ።

«አስናቀ፣ ይኼ አይደለም። ተመለስና በስሙ ጠይቅ።»

«በስሙ?» አለ አስናቀ፤ እንደ ልጅ እግሩን እያፋተገ። «ዝኑ ሙች፣ ያን ቃል በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? የሴት ነገር ነው፤ ምን ይሉኛል? እናቴ ካዘዘችኝ ግን ትእዛዝ ነው፣ ማንም አይስቅብኝም። እናቴ ካላዘዘችኝ አልጠራውም።»

አስናቀ ቅባቱን አልጠራም አለ፤ ቅባቱ ከመደርደሪያ አልወርድም አለ፤ ጡት ወተት አልሰጥም አለ፤ ሚጡም ራባት።

ዝናሽ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። «እማማ፣ አስናቀን አንድ ቅባት እንዲያመጣልኝ ቢያዙልኝ… ትንሽ ያመኛል።»

«ትንሽ ካመመሽ ለትንሽ ሕመም ቅቤ አለ!» አሉ እማማ ፈለቀች። «ያን ሁሉ ልጅ ያሳደግሁት በቅቤ ነው። ዛሬ ደግሞ ምን የመጣ የባዳ ቅባት ነው? ይኸው አንዱ መጥቶ ቤቱን ሽቶ ቤት አደረገው። ያቺ ያዋለደችሽ ሲስተር በአፏ ካልነገረችኝ አላዝም።»

እማማ አስናቀን አላዝም አሉ፤ አስናቀ ቅባቱን አልጠራም አለ፤ ቅባቱ ከመደርደሪያ አልወርድም አለ፤ ጡት ወተት አልሰጥም አለ፤ ሚጡም ራባት።

እድል ሆነና እኩለ ቀን ላይ ያችው ያዋለደቻት ሲስተር ሐረገወይን አራሶችን እየዞረች ስትጠይቅ ደረሰች። ገና ከግቢው በር ሳለች ላቧ በግንባሯ ይወርዳል። እማማ ፈለቀች አዩዋትና የቤቱን በር ዘጉት። በሩ ከተዘጋ በኋላ ከውስጥ ሆነው ሰላም አሏት።

«ሲስተር፣ እንደምን ዋልሽ የኔ ልጅ! እዚያው ቁሚ!»

ሲስተር ከውጭ ሆና ተጣራች። «ዝናሽ! ምንሽን ነው የሚያምሽ?»

«ምንም… ትንሽ ነው» አለች ዝናሽ ከውስጥ።

«ምንሽን?»

«እንዲሁ…»

«እንዲሁ የሚባል የሰውነት ክፍል አልተማርንም!» አለች ሲስተር። አስናቀ ከመላጊያው ላይ ሳቀ፤ ወዲያው አፈረና ሥራውን ቀጠለ። «ሳላይ ለእማማ ምንም አልናገርም። «አስገባት» በይው በሩን።»

ሲስተር ለእማማ አልናገርም አለች፤ እማማ አስናቀን አላዝም አሉ፤ አስናቀ ቅባቱን አልጠራም አለ፤ ቅባቱ ከመደርደሪያ አልወርድም አለ፤ ጡት ወተት አልሰጥም አለ፤ ሚጡም ራባት።

«በር፣ እባክህ ተከፈት» አለች ዝናሽ።

«ሰው ጠልቼ አይደለም» አለ በሩ። «እማማ አደራ ጥለውብኛል። ሽቶ የሸተተበት የአራስ ቤት ውስጥ ፀሐይ የመታው ሰው ከገባ አራሷን ምች ይመታታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጥላ ቦታ ተቀምጣ፣ በርዷት ትገባ ነበር። ዛሬ ግን ግቢው ውስጥ ጥላ የለም፤ ፀሐይዋ ደፌ ላይ ተቀምጣለች። እሷ ካልተነሣች አልከፈትም።»

በሩ ሲስተርን አላስገባም አለ፤ ሲስተር ለእማማ አልናገርም አለች፤ እማማ አስናቀን አላዝም አሉ፤ አስናቀ ቅባቱን አልጠራም አለ፤ ቅባቱ ከመደርደሪያ አልወርድም አለ፤ ጡት ወተት አልሰጥም አለ፤ ሚጡም ራባት።

«ፀሐይ፣ እባክሽ ከደፉ ተነሺ» አለች ዝናሽ፤ ሚጡን ትከሻዋ ላይ እያወዛወዘች።

«ወዴት ልሂድ?» አለች ፀሐይ። «መጋቢት ነው፤ ሰማዩ ወና ነው። ጊዜዬ ሲደርስ መሄዴ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ግን ይመሻል። ከዚያ በፊት ደመና ካልሸፈነኝ አልነሣም።»

ፀሐይ ከደፉ አልነሣም አለች፤ በሩ ሲስተርን አላስገባም አለ፤ ሲስተር ለእማማ አልናገርም አለች፤ እማማ አስናቀን አላዝም አሉ፤ አስናቀ ቅባቱን አልጠራም አለ፤ ቅባቱ ከመደርደሪያ አልወርድም አለ፤ ጡት ወተት አልሰጥም አለ፤ ሚጡም ራባት።

ደመናው ከሐይቁ ማዶ፣ ከተራራው ጀርባ አንገቱን ብቅ አድርጎ ነበር። «እኔ እግር የለኝ፣ በምን ልምጣ?» አለ። «ነፋስ ካልነዳኝ ፀሐይን አልሸፍንም።» ነፋስ ደግሞ ውኃው ላይ ተኝቷል። ሲጠሩት አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ማን ነው የጠራኝ? ለምን? ከጠዋት ጀምሮ ከዚያ ቤት የምሰማው «ትንሽ»፣ «እንዲሁ»፣ «ምንም» ነው። በ«እንዲሁ» ተነሥቼ አላውቅም። ነገሩን በግልጽ የሚነግረኝ ከሌለ አልነሣም።»

ነፋስ ደመናን አልነዳም አለ፤ ደመና ፀሐይን አልሸፍንም አለ፤ ፀሐይ ከደፉ አልነሣም አለች፤ በሩ ሲስተርን አላስገባም አለ፤ ሲስተር ለእማማ አልናገርም አለች፤ እማማ አስናቀን አላዝም አሉ፤ አስናቀ ቅባቱን አልጠራም አለ፤ ቅባቱ ከመደርደሪያ አልወርድም አለ፤ ጡት ወተት አልሰጥም አለ፤ ሚጡም ራባት።

እዚህ ላይ ሚጡ ዝም አለች። ጠግባ አይደለም፤ ማልቀስ ደክሟት ነው። ዝናሽን ያስደነገጣት ከለቅሶው ይልቅ ይህ ዝምታ ነበር።

አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አሰበች። ከጠዋት ጀምሮ የተባለውን ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ኋላ አሰበችው። በመካከሉ አንድ ክፉ ሰው ብታገኝ ኖሮ ትቆጣ ነበር፤ ክፉ ሰው ግን አላገኘችም። በሩ የቆመው እሷን ሊጠብቅ ነው። ሲስተር ሳታይ አልናገርም ማለቷ ልክ ነው። እማማ «ትንሽ» ሲሏቸው ትንሽ መሰላቸው። አስናቀ በቃሉ ያፈረው እሷም በጆሮው እያፈረች ስለ ነገረችው ነው። ሁሉም አንዱ የሌላውን አፍ እያየ ቆሟል። ሰልፉ የሚጀምረው ደግሞ ከእሷ ነው። «ያመመው ሰው ካልተናገረ ሌላው በምን ይናገራል?» አለች ለራሷ። ከዚያ ደግሞ ፈራች። እማማ ይሰማሉ፤ አስናቀ ይሰማል፤ ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤት ልብስ ታሰጣለች፣ እሷም ትሰማለች። ሚጡን አየቻት። ከንፈሯ ደርቋል።

ተነሣች። ሚጡን እንዳቀፈች እስከ በሩ ሄደች። በሁለቱ ሣንቆች መካከል ቀጭን ክፍተት አለ፤ አፏን እዚያ ላይ አደረገች።

«ሲስተር» አለች። ድምጿን ዝቅ አላደረገችም። «የጡቴ ጫፍ ተሰንጥቋል። ሁለቱም። ልጄ ስትይዘኝ ይደማል። አስናቀ ያመጣልኝ ቅባት ትክክለኛው አይደለም። ልጄ ርቧታል፤ እኔም ፈርቻለሁ።»

መላጊያው ቆመ። ከአጥሩ ወዲያ ልብስ መጭመቁም ቆመ።

ከአፏ የወጣው ትንፋሽ በሣንቆቹ መካከል ሾልኮ ወጣ። ትንሽ ትንፋሽ ናት። ነፋስም ቢሆን ሲወለድ ትልቅ ሆኖ አይወለድም። ትንፋሿ በግቢው አለፈች፤ በተሰጣው ልብስ ላይ አለፈች፤ ሐይቁ ላይ ደረሰች። «አሁን ገና ሰማሁ!» አለና ነፋስ ተነሣ። ነፋስ ደመናን ነዳ፤ ደመና ፀሐይን ሸፈነ፤ ፀሐይ ከደፉ ተነሣች፤ ጥላውም መጥቶ በሩ ላይ ዐረፈ። በሩን የከፈቱት ራሳቸው እማማ ፈለቀች ናቸው።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ! ምን ትገተሪያለሽ?» አሉ፤ ያስቆሟት እሳቸው እንዳልሆኑ ሁሉ።

ሲስተር ገባች። እጇን ታጠበች፤ ቁስሉን አየች። እማማም በትከሻዋ በኩል አጮልቀው አዩ።

«እኔም ያን ጊዜ እደማ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አስናቀን ሳጠባ። እናትነት ማለት ይህ ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።»

«እናትነት ይህ ብቻ መሆን የለበትም እማማ» አለች ሲስተር። «ቅቤውም ሳሙናውም ይቅሩ። ውኃ ብቻውን ይበቃታል። ቅባት ስትመርጪ ዝናሽ፣ ሽቶ የሌለው፣ ቀለም ያልተጨመረበት፣ ከማጥባትሽ በፊት ታጥቦ መነሣት የማያስፈልገው ይሁን። ለሚያጠቡ እናቶች ተብሎ የተዘጋጀ ከበግ ሱፍ የሚወጣ ስብ አለ፤ እሱ ይሆንሻል።»

«ከበግ?» አሉ እማማ ደንግጠው። «በዐቢይ ጾም?»

«ሚጡ መጾም ጀመረች እንዴ?»

እማማ ፈለቀች መጀመሪያ አፋቸውን ሸፈኑ፤ ከዚያ ሳቁ። ወደ ግቢው ዞረው «አስናቀ!» ብለው ተጣሩ። «ሂድና ለጡት ጫፍ የሚሆን ቅባት በል! በስሙ ጥራው! እናትህ አዛሃለች፤ ደግሞ ተረከዝ እንዳትለኝ!» ጎረቤቲቱ ለካ የመድኃኒት ቤቱን ወሬ ቀድማ ነግራቸው ኖሯል።

አስናቀ ሄደ። መድኃኒት ቤቱ አሁንም ሰው በሰው ነው። ባለሙያዋ «ተረከዙ አልዳነም?» አለችው። አስናቀ ዓይኑን ጨፈነና እንደ ገበያ አዋጅ ጮኸ፤

«የጡት ጫፍ! ለምታጠባ እናት! ሽቶ የሌለው!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ከኋላው የቆመ አንድ ባለ ኮፍያ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ለእኔም…» አለ። «ለእኔም እንደሱ አንድ።»

ቅባቱም ስሙን ሰምቶ ከመደርደሪያው ወረደ።

አስናቀ እስኪመለስ ሲስተር ዝም ብላ አልተቀመጠችም። «ቅባት ቁስል ያለሰልሳል እንጂ አያያዝ አያስተምርም» አለች። ሚጡ የምትይዘው ጫፉን ብቻ ነበር፤ ስንጥቁን ያመጣው እሱ ነው። ሲስተር የሚጡን ሆድ ከእናቷ ሆድ አጋጥማ፣ አፍንጫዋን ወደ ጡቱ ጫፍ አዙራ ለዝናሽ አሳየቻት። «ጡቱን ወደ ልጅቷ አትግፊ፤ ልጅቷን ወደ ጡቱ አምጫት። እንደሚያዛጋ ሰው አፏን እስክትከፍት ጠብቂ። በጫፉ ዙሪያ ያለው ጥቁር አብዛኛው ይግባ። ካመመሽ ጥርስሽን ነክሰሽ አትቻይው፤ ትንሿን ጣትሽን በአፏ ጥግ አስገብተሽ አላቅቂና እንደገና ሞክሪ። ትኩሳት ከያዘሽ ወይም ጡትሽ ከቀላ ሳታድሪ ወደ ጤና ጣቢያ ነይ። ያን ጊዜ ደግሞ «እንዲሁ» እንዳትይኝ።»

አስናቀ እያለከለከ ገባ። ዝናሽ የምስር ፍሬ የምታህል ቅባት በጣቷ ወሰደች፤ በመዳፏ ሙቀት አለሰለሰችና ሳትፈትግ ቀባችው። ከእንግዲህ የምትቀባው ሚጡ መጥባቷን ስትጨርስ፣ የቀረውን የወተት ጠብታ በቁስሉ ላይ አድርቃ ነው፤ ሲስተር እንዲያ ብላታለች። ዛሬ ግን ሚጡ መጠበቅ አልቻለችም። ቅባቱ ሽታ የለውም። ሚጡ ቀረበች፤ አሸተተች፤ እናቷን አገኘቻት። አፏን እንደሚያዛጋ ሰው ከፈተች።

መጀመሪያ አመማት። ቅባት ተአምር አይደለም፣ ቁስልም በአንድ ጉርሻ አይድንም። ዝናሽ ትንፋሿን ዋጠች። ከዚያ ሕመሙ ቀለል አለ፤ ከዚያም ጭራሽ ረሳችው፤ ምክንያቱም ያን ድምፅ ሰማች። ጉልጭ። ጉልጭ። ጉልጭ።

ነፋስ ደመናን ነዳ፤ ደመና ፀሐይን ሸፈነ፤ ፀሐይ ከደፉ ተነሣች፤ በሩ ሲስተርን አስገባ፤ ሲስተር ለእማማ ተናገረች፤ እማማ አስናቀን አዘዙ፤ አስናቀ ቅባቱን ጠራ፤ ቅባቱ ከመደርደሪያ ወረደ፤ ጡት ወተት ሰጠ፤ ሚጡም…

ሚጡ ስትራብ ጭብጥ አድርጋ የያዘችው እጇ ቀስ እያለ ተፈታ። አንድ ጣት፣ ሌላ ጣት፣ ከዚያ መዳፏ በሙሉ በእናቷ ደረት ላይ ተዘረጋ።

እኔም ድምፄን ዝቅ ላድርግ። ተኝታለች።